ከካምፓላ የተላከ ናሙና

ሚሲዮናዊው ሐኪም አልበርት ኩክ በ1897 ካምፓላ ላይ የሜንጎን ሆስፒታል ካቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ የሚያክማቸውን ሰዎች ታሪክ በጥንቃቄ ያስመዘግብ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ የካምፓላው የማኬሬሬ ሕክምና ትምህርት ቤት ሐኪሞች እነዚያን አሮጌ መዛግብት ሲያገላብጡ መንጋጋቸው ያበጠ ሕፃናት ታሪክ ተጽፎ አገኙ። በሽታው አዲስ አልነበረም ማለት ነው። ሐኪሞች አይተውታል፣ በቀዶ ሕክምና ሞክረውታል፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን ቀብረውበታል። አንድ በሽታ መሆኑን ግን ያወቀ አልነበረም።

ለምን እንዳልታወቀ መረዳት አያስቸግርም። መንጋጋው ያበጠ ልጅ ወደ ጥርስ ሐኪም ይሄዳል፤ ሆዱ የተነፋው ወደ ቀዶ ሐኪም፤ ዓይኑ የተገፋው ወደ ዓይን ሐኪም። ከየልጁ የተቆረጠችው ናሙና ላቦራቶሪ ስትደርስ መርማሪው ከየትኛው አካል እንደመጣች ይመለከትና ለዚያ አካል የተለመደውን የካንሰር ስም ይሰጣታል። የዓይን ከሆነች ሬቲኖብላስቶማ፣ የሆድ ከሆነች ኒውሮብላስቶማ፣ የመንጋጋ ከሆነች ሳርኮማ ትባላለች። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሁሉም ትንንሽ፣ ክብና ሰማያዊ ሕዋሳት ስለሆኑ ስያሜውን የሚያፈርስ ነገር አይገኝም። ማስረጃው በየመሳቢያው ነበረ፤ የጠፋው መሳቢያዎቹን አንድ ላይ የሚከፍት ሰው ነው።

ዴኒስ ቡርኪት በ1911 ዛሬ ሰሜን አየርላንድ በሚባለው አገር፣ ኤኒስኪለን በተባለች ከተማ ተወለደ። በ11 ዓመቱ በደረሰበት አደጋ ቀኝ ዓይኑን አጣ። ይህ ደብሊን ገብቶ ሕክምና ከመማርም ሆነ ቀዶ ሐኪም ከመሆን አላገደውም። ሃይማኖቱን አጥብቆ የያዘ ሰው ነበር፤ በ1946 ወደ ዩጋንዳ የሄደውም ለዚያ እንደተጠራ አምኖ ነው። መጀመሪያ ሊራ በተባለው የሰሜን ወረዳ ሠራ፣ ከዚያ ወደ ካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል ተዛወረ።

በ1957 ሂው ትሮወል የተባለ የሥራ ባልደረባው አንድ የ5 ዓመት ልጅ እንዲያይለት ጠራው። የልጁ መንጋጋ በአራቱም ማዕዘን፣ ከላይም ከታችም፣ በግራም በቀኝም አብጧል። ኢንፌክሽን እንዳይባል ኢንፌክሽን በአራት ቦታ እኩል አይነሣም፤ የተለመደ ካንሰር እንዳይባልም ካንሰር እንዲህ ተከፋፍሎ አይጀምርም። ቡርኪት ፎቶግራፍ አነሣ፣ ናሙና ወሰደ፣ መልስ ግን አላገኘም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ጂንጃ ሆስፒታል ለሥራ ሄዶ በመስኮት ወደ ግቢው ሲመለከት ፊቱ በዚያው ዓይነት ያበጠ ሌላ ሕፃን ከእናቱ ጋር ሣር ላይ ተቀምጦ አየ። ወጥቶ መረመረው። ሆዱ ውስጥም ዕጢ ነበረው።

አንድ ልጅ እንግዳ ነገር ነው፤ ሁለት ልጆች ግን ጥያቄ ናቸው። ቡርኪት ወደ ሙላጎ ተመልሶ ካንሰር የያዛቸውን ሕፃናት ፋይል ከመዝገብ ቤት እያስወጣ ያነብ ጀመር። ጆሮ ያልሰጡት ነገር በየገጹ ተጽፎ ቆይቶታል። መንጋጋው ያበጠው ልጅ ብዙ ጊዜ ኩላሊቱም፣ ጉበቱም፣ አድሬናል ዕጢውም፣ ሴት ከሆነች እንቁልጢዋም ተነክቷል። በተለያየ ስም የተመዘገቡት ካንሰሮች በአንድ ልጅ ገላ ላይ አብረው ይገኛሉ። በ1958 የ38 ሕፃናትን ታሪክ ይዞ በብሪታንያ የቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ጽሑፍ አወጣ። ልብ ያለው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። እኔን ቢጠይቁኝ የዚህ ታሪክ ትልቁ ግኝት ይህ የመዝገብ ቤት ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ውድ መሣሪያዎች ሁሉ የመለሱት እዚያ የተነሣውን ጥያቄ ነው።

ቡርኪት በጽሑፉ በሽታውን ሳርኮማ ብሎት ነበር። ስህተቱን ያረሙት ከእሱ ጥቂት ርቀት ላይ የሚሠሩት የማኬሬሬ ፓቶሎጂስቶች ናቸው። ፕሮፌሰር ጃክ ዴቪስ ለካምፓላ የካንሰር መዝገብ አቋቁሞ ነበር፤ ከአሜሪካ የመጣው ግሪጎሪ ኦኮነር ደግሞ በመዝገቡ ያሉትን የሕፃናት ናሙናዎች ከአካል ስማቸው ለይቶ እንደገና ማየት ጀመረ።

ናሙና እንዴት እንደሚዘጋጅ ካልተነገረ ይህ ሥራ ቀላል ይመስላል። ቁራጯ ሥጋ እንዳትበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ትነከራለች። ቀጥሎ በአልኮል ውኃዋ ይመጠጥና በምትኩ የቀለጠ ፓራፊን ሰም ይገባባታል። ሰሙ ሲረጋ ማይክሮቶም በሚባለው መሣሪያ የሚሊሜትር 200ኛ እጅ ያህል እየሳሳች ትከተፋለች። መስታወት ላይ ተዘርግታ ሄማቶክሲሊን የሚባል፣ ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ የሚወጣ ቀለም ሲነካት የሕዋሳቱ ኒውክለስ ሰማያዊ ይሆናል፤ ኢዮሲን የሚባለው ደግሞ የቀረውን ሮዝ ያደርገዋል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው የሰው ዓይንና ትዕግሥት ነው።

ኦኮነር ያየው የሊምፍ ሕዋሳትን ነው። የመንጋጋውም፣ የኩላሊቱም፣ የእንቁልጢውም ዕጢ ከአንድ ዓይነት ነጭ የደም ሕዋስ የተነሣ ሊምፎማ ሆኖ ተገኘ። በሽታው በሌላው ዓለም ሕፃናት ዘንድ ብርቅ ሲሆን በካምፓላ መዝገብ ግን ከሕፃናት ካንሰር ሁሉ ትልቁን ቦታ ይዞ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ዴኒስ ራይት የተባለው ሌላ ፓቶሎጂስት ገና ትኩስ የሆነውን ዕጢ መስታወት ላይ ጫን አድርጎ በማንሣት የሕዋሳቱን አሻራ አጠና። ሳይቶፕላዝማቸው ጥልቅ ሰማያዊ ነው፤ በመካከሉ ጥቃቅን የስብ ቀዳዳዎች አሉት። በሰም የተከተፈው ናሙና ላይ ደግሞ እየተባዙ ያሉት ሕዋሳት እንደ ጨለማ ሰማይ ጥቁር ሰማያዊ ሆነው ሲሞሉት፣ የሞቱትን የሚውጡት ትልልቅ ሕዋሳት በየመካከሉ ፈካ ብለው ይታያሉ። ፓቶሎጂስቶች ይህን መልክ «በከዋክብት የተሞላ ሰማይ» ይሉታል። ስሙ ያምራል፤ የሚናገረው ግን ዕጢው በምን ፍጥነት እንደሚያድግ ነው። ከሰው ካንሰሮች ሁሉ በፍጥነት ይህን የሚያህል ጥቂት ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን መጠኑ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ቡርኪት በበኩሉ የበሽታውን አገር እየፈለገ ነበር። የታመሙ ልጆችን ፎቶግራፍ በብጣሽ ወረቀት አሳትሞ በአፍሪካ ላሉ ሆስፒታሎች ላከ፤ እንዲህ ያለ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለመጡት መልሶች ካርታ ላይ ምልክት ሲያደርግ አህጉሩን በምድር ወገብ ዙሪያ የሚያቋርጥ ሰፊ ቀበቶ ወጣ። በጥቅምት 1961 ከቴድ ዊሊያምስና ከክሊፍ ኔልሰን ጋር አሮጌ ፎርድ መኪና ይዞ የቀበቶውን የደቡብ ጫፍ ፍለጋ ተነሣ። ዊሊያምስ ሚሲዮናዊ ሐኪም ብቻ ሳይሆን መኪና የመጠገን ችሎታ ነበረው፤ በዚያ መንገድ ይኸኛው ሙያ ሳይጠቅም አልቀረም። በ10 ሳምንት ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር ነዱ፤ ከ50 በላይ ሆስፒታሎች ደረሱ፤ እስከ ደቡብ አፍሪካ ዘለቁ።

ካርታው የሚናገረው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በሽታው የቆላ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ከባሕር ጠለል 1,500 ሜትር ገደማ ሲታለፍ ይጠፋል፤ ወደ ደቡብ በተሄደ ቁጥር ደግሞ ወሰኑ ዝቅ እያለ ይመጣል። በኢንቴቤ የቫይረስ ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ሃዶ ነገሩ ከፍታ ሳይሆን ሙቀት መሆኑን አስተዋለ። የዓመቱ ቀዝቃዛ ወር ከ15 ዲግሪ ገደማ በታች በሚወርድበትና ዝናብ በሚያጥርበት አገር በሽታው የለም። ሙቀትና ዝናብ የሚወድ፣ ከፍታ የሚፈራ ምንድን ነው? የወባ አገር ሰው ሁሉ መልሱን ያውቃል፤ የወባ ትንኝ። እንግዲያው ካንሰሩን የሚያመጣው በትንኝ የሚተላለፍ ቫይረስ ይሆን?

ይህ ጥያቄ ከመኪናው ጉዞ በፊት ለንደን ደርሶ ነበር። ቡርኪት ለእረፍት ወደ እንግሊዝ በሄደበት ጊዜ፣ መጋቢት 22 ቀን 1961፣ በሚድልሴክስ ሆስፒታል ንግግር አደረገ። ከአድማጮቹ አንዱ የ39 ዓመቱ አንቶኒ ኤፕስታይን ነበር። ኤፕስታይን የሚያጠናው በዶሮ ላይ ካንሰር የሚያመጣውን የራውስ ቫይረስ ነው። ፔይተን ራውስ ይህን ቫይረስ በ1911 ኒውዮርክ ላይ ቢያገኘውም፣ ቫይረስ በሰው ላይም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል የሚለው ሐሳብ በብዙ ሳይንቲስቶች ዘንድ እንደ ቀልድ ይቆጠር ነበር። ኤፕስታይን ግን የቡርኪትን ካርታ ሲያይ ሲፈልገው የኖረውን እንዳገኘ አወቀ። ንግግሩ እንዳለቀ ሻይ እየጠጡ ተነጋገሩና ከካምፓላ ናሙና እንዲላክለት ተስማሙ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት የከንቱ ልፋት ናቸው። ሙላጎ ላይ ከልጆች የሚቆረጠው ዕጢ በጠርሙስ ታሽጎ በሌሊት አውሮፕላን ወደ ለንደን ይበራል። ኤፕስታይን ተቀብሎ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይመረምረዋል፤ ምንም የለም። በዶሮ እንቁላል ውስጥና በብርጭቆ ውስጥ በሚያድጉ ሕዋሳት ሊያረባው ይሞክራል፤ ምንም። ከአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም 45,000 ዶላር ባያገኝ ኖሮ ሥራው እዚያው በቀረ። በገንዘቡ ሁለት ረዳቶች ቀጠረ፦ ሕዋስ የምታረባውን አየርላንዳዊቷን ኢቮን ባርንና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሠለጠነውን የትሪኒዳድ ተወላጅ በርት አቾንግን።

በታኅሣሥ 1963 መጀመሪያ ከካምፓላ የመጣው አውሮፕላን በለንደን ጭጋግ ምክንያት ማንቸስተር አረፈ። ጠርሙሱ ላቦራቶሪ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ውስጡ ከአንዲት የ9 ዓመት ልጅ የላይኛ መንጋጋ የተወሰደ ናሙና ነበር፤ የተዘፈዘፈበት ፈሳሽ ግን ደፍርሷል። የደፈረሰ ፈሳሽ ማለት ባክቴሪያ ገብቶበታል ማለት ነው፤ የተበላሸ ናሙና ደግሞ ይደፋል። ኤፕስታይን አልደፋውም። አንድ ጠብታ ወስዶ በተራው ማይክሮስኮፕ ሲያየው ባክቴሪያ የለበትም፤ ፈሳሹን ያደፈረሱት በጉዞው መንገጫገጭ ከዕጢው ተራግፈው በነፃ የሚንሳፈፉ ሕያው የካንሰር ሕዋሳት ናቸው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉም ዕጢውን በቁራጭነቱ መስታወት ላይ ለማሳደግ ሲታገሉ ነበር። የሊምፍ ሕዋስ ግን በተፈጥሮው በደምና በሊምፍ ፈሳሽ ውስጥ የሚዘዋወር እንጂ እንደ ቆዳ ተጣብቆ የሚኖር አይደለም። ኤፕስታይንና ባር ሕዋሳቱን በፈሳሽ ውስጥ እንደተንሳፈፉ ተዉአቸው። ተባዙ፤ መባዛታቸውንም አላቆሙም። ኢቢ1 የተባለው ዘር እንዲህ ተገኘ። በናይጄሪያ ኢባዳን ይሠራ የነበረው ፑልቨርታፍትም በዚያው ዘመን ከዚሁ በሽታ ሕዋሳት አርብቶ ነበር፤ ሁለቱም ያለማቋረጥ ከተባዙት የሰው የሊምፍ ሕዋሳት የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

አሁን ላቦራቶሪው ከካምፓላ የሚመጣ ጠርሙስ መጠበቅ አላስፈለገውም። የካቲት 24 ቀን 1964 ኤፕስታይን ከተባዙት ሕዋሳት የተከተፈውን ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውስጥ አስገባ። በአንዱ ሕዋስ ውስጥ ቫይረስ ሞልቷል። መልኩ የሄርፒስ ቤተሰብ መሆኑን ወዲያው ለየው፤ 10,000 ያህሉ ተደርድረው ነው አንድ ሚሊሜትር የሚሞሉት። የኤሌክትሮኑ ጨረር ናሙናውን እንዳያቃጥልበት ስለፈራ መሣሪያውን አጠፋ፣ ካፖርት ሳይደርብ ወደ በረዶው ወጣ፣ ሰፈሩን ዞሮ ሲረጋጋ ተመልሶ ፎቶግራፉን አነሣ። ላንሴት መጽሔት መጋቢት 28 ላይ በኤፕስታይን፣ በአቾንግና በባር ስም ጽሑፉን አወጣው።

ቫይረሱ ኤፕስታይን-ባር ተብሎ ቀረ። ስሙ የመጣው ከሕዋሳቱ ዘር መጠሪያ ሲሆን ጽሑፉ ላይ ሁለተኛ ስም የነበረው አቾንግ ተረስቷል። ፍትሐዊ ስያሜ ነው ብዬ አልከራከርም።

ግን አዲስ ቫይረስ ነው? ኤፕስታይን ሕዋሳቱን ወደ ፊላደልፊያ፣ ለባልና ሚስቱ ለቨርነርና ለገርትሩድ ሄንለ ላከ። ሄንለዎች እስከዚያ ከሚታወቁት የሄርፒስ ቫይረሶች የተለየ መሆኑን አረጋገጡና ቀላል ምርመራ ፈጠሩ። ቫይረሱ ባለባቸው ሕዋሳት ላይ የሰው የደም ውኃ ይፈስሳል፤ ሰውየው ቫይረሱን የሚዋጋ ፀረ እንግዳ አካል ካለው ሕዋሳቱ ላይ ይጣበቃል፤ በሚያበራ ቀለም ሲፈተሽም አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። የታመሙት የአፍሪካ ሕፃናት ደም እንደተጠበቀው አበራ። ያልተጠበቀው የጤነኞቹ አሜሪካውያን ነው፤ ከ10 ጎልማሶች የ9ኙ ያህል ደምም አበራ።

የትንኙ ግምት በዚህ ፈረሰ። ቫይረሱ የቆላ አይደለም፣ የአፍሪካም አይደለም፤ በምራቅ እየተላለፈ በዓለም ሁሉ ይኖራል። በ1967 የሄንለዎች ላቦራቶሪ አንዲት ሠራተኛ ሞኖኑክሊዮሲስ በተባለው፣ ወጣቶችን በትኩሳትና በጉሮሮ ሕመም በሚጥለው በሽታ ታመመች። ደሟ ከዚያ በፊት «ንጹሕ» ሆኖ ለማነጻጸሪያ ያገለግል ነበር፤ ከሕመሟ ስትነሣ ግን አበራ። የዚያ በሽታ ምክንያት በ1968 የታወቀው እንዲህ በአጋጣሚ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በሄንለዎች ዘንድ ሠርቶ የነበረው ሃራልድ ትሱር ሃውዘን የቫይረሱን ዲኤንኤ ቡርኪት ባጠናው ዕጢ ውስጥ አገኘ። ኋላ የማኅፀን በር ካንሰርን ቫይረስ አግኝቶ በ2008 ኖቤል የተሸለመው እሱ ነው።

ሕክምናው ከምክንያቱ ቀድሞ ነበር። ቡርኪት ጨረር በሌለበት ከተማ ሜቶትሬክሴትና ሳይክሎፎስፋማይድ የተባሉትን መድኃኒቶች ሲሞክር፣ ዕጢው በቀናት ውስጥ ሟሙቶ ዳግም ያልተመለሰባቸው ልጆች አየ። ፈጥኖ የሚራባ ሕዋስ ለመድኃኒትም ፈጥኖ ይሸነፋል። በ1967 በሙላጎ ግቢ የሊምፎማ ማከሚያ ተከፈተና አሜሪካዊው ጆን ዚግለር ሥራውን ያዘ። በኢዲ አሚን ዘመን የውጭዎቹ ሐኪሞች ሲወጡ ተቋሙን ሳይዘጋ ያቆየው ዩጋንዳዊው ቻርልስ ኦልዌኒ ነው። ዛሬ የዩጋንዳ የካንሰር ተቋም የሚባለው ያ ነው።

ጥያቄው ተገልብጦ ቀረ። ቫይረሱ በሁሉም ሰው ካለ ካንሰሩ ለምን በቆላው አፍሪካ ሆነ? ጊ ደ ቴ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1972 ጀምሮ በዩጋንዳ ምዕራብ ናይል አውራጃ ከ42,000 ሕፃናት ደም ሰብስቦ በማቀዝቀዣ አስቀመጠና ጠበቀ። በ1978 ባወጣው ጽሑፍ ከመካከላቸው 14ቱ በሽታው ይዟቸዋል፤ ከመታመማቸው በፊት የተወሰደው ደም ሲመረመር በቫይረሱ ላይ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ከፍተኛ የነበረው ልጅ የመታመም ዕድሉ 30 እጥፍ ያህል ነበር።

በዚሁ ጊዜ በስዊድን የሚሠሩት ቡልጋሪያውያን ማኖሎቭና ማኖሎቫ በ1972 በዕጢው ሕዋሳት 14ኛው ክሮሞሶም ጫፍ ላይ ትርፍ ቁራጭ አዩ። ሎሬ ዜክ በ1976 ቁራጩ ከ8ኛው ክሮሞሶም ተሰብሮ የመጣ መሆኑን አሳየች። በ1982 ደግሞ በቁራጩ ላይ ያለው ዘረመል ማይክ መሆኑ ታወቀ፤ መጀመሪያ የተገኘው በዶሮ የካንሰር ቫይረስ ውስጥ ነው። ማይክ ሕዋስ እንዲራባ የሚያዝ ዘረመል ነው። የተለጠፈበት ቦታ ደግሞ የሊምፍ ሕዋስ ፀረ እንግዳ አካል ለመሥራት ቀንና ሌሊት ክፍት የሚያደርገው ስፍራ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ አይቆምም።

ክሮሞሶሙን የሚሰብረው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ትንኟ በሌላ በር ተመልሳ ትገባለች። ዓመቱን ሙሉ የማይለቅ ወባ የልጁን የሊምፍ ሕዋሳት ያለ ዕረፍት ያስራባል፤ ሕዋሳቱ ፀረ እንግዳ አካላቸውን ለማሻሻል የራሳቸውን ዲኤንኤ ይቆርጣሉ፣ ይቀጥላሉ፤ በዚህ ሥራ አንዳንዴ ቁራጩ ከማይገባው ክሮሞሶም ጋር ይጋጠማል። በ2015 የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወባ ባስያዟቸው አይጦች ይህን መንገድ አሳይተዋል። ኤፕስታይን-ባር ደግሞ ሊሞት የሚገባው የተበላሸ ሕዋስ እንዳይሞት ይረዳዋል። የወባው ቋሚነት ወሳኝ ነው። ቡርኪት ጽሑፉን ባወጣበት በ1958 በኢትዮጵያ ከፍታ ቦታዎች የገባው ወባ 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ ወረርሽኝ ሆኖ መጥቶ የሄደ እንጂ ልጅን ከዓመት ዓመት የማይለቅ ወባ ግን አልነበረም።

ቡርኪት በ1993 ሞተ። ባር ምርምሩን ትታ በአውስትራሊያ መምህር ሆና ኖራ በ2016፣ ኤፕስታይን በ102 ዓመቱ በ2024 አረፉ። በሽታው ዛሬ በሀብታም አገሮች ከ10 ሕፃናት 9ኙ ገደማ የሚድኑበት ነው፤ በብዙ የአፍሪካ ሆስፒታሎች ግን ቁጥሩ በእጅጉ ያንሳል። ዋናው ምክንያት መዘግየት ነው፤ ልጁ ዘግይቶ ይመጣል፣ ናሙናውም ዘግይቶ ይነበባል።

በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ካንሰር ሐኪሞችም ይህን በሽታ ያውቁታል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በሚነቃነቅ ጥርስና በመንጋጋ እብጠት ነው። በቆላ ያላችሁ ወላጆች፣ የልጃችሁ መንጋጋ በቀናት ውስጥ ካበጠ ጥርሱን አታስነቅሉ፣ እብጠቱንም በባህል ሐኪም አታስበጡ፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዱትና ናሙና እንዲወሰድለት ጠይቁ።